ውሃ መንገድ ሲያጣ፦ የሲያትል ቤቶችና የአሸንዳቸው ታሪክ

የሲያትል ከተማ ታሪክ የሚጀምረው ጣሪያ ከሌለው ቤት ነው። ኖቬምበር 13 ቀን 1851 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ‹‹ኤግዛክት›› የተባለች ባለ ሸራ መርከብ ዛሬ አልካይ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ጥቂት ቤተሰቦችን አራገፈች። ግማሽ ያህሉ ልጆች ነበሩ። ቀኑ ዝናባማ ነበር። ቀድሞ መጥቶ ቤት እንዲሠራ የተተወው ወጣቱ ዴቪድ ዴኒ የግንድ ቤቱን ግድግዳ ቢያቆምም ጣሪያው አልደረሰለትም። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው በዚያ ዳርቻ ላይ እንዳለቀሱ የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

እኔ በዚህች ከተማ የምኖረው አሸንዳ እየጠገንኩ ነው። ሙያውን የተማርኩት መርካቶ፣ ላሜራ እያጠፉ አሸንዳና ባልዲ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ነው። ያስተማሩኝ ጋሼ አንድ ነገር ደጋግመው ይሉኝ ነበር፦ ‹‹ውሃን አትከልክለው፤ መንገድ ስጠው።›› እዚህ መጥቼ በአሮጌ ቤቶች መሰላል ላይ መውጣት ስጀምር፣ የእያንዳንዱ ዘመን ሰው ለዝናብ የሰጠው መንገድ በጣሪያው ጫፍ ላይ ተጽፎ አገኘሁ። የትኛው ዘመን ውሃን እንዳከበረ፣ የትኛውም እንደናቀ ከመሰላል ላይ በግልጽ ይታያል። ይህን የምጽፈውም ከወገኖቼ ብዙዎቹ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ስለሚኖሩና ቤታቸው ሲበሰብስ ጥፋቱን በዝናቡ ላይ ሲጥሉት ስለምሰማ ነው። ዝናቡ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው።

የዴኒ ቤተሰብ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ ሲርድ፣ ከባሕሩ ማዶ ሱኳሚሽ በሚባለው መንደር የአገሬው ሰዎች በደረቅ ቤት እሳት ከብበው ነበር። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው አለቃ ሲያትል ይኖርበት የነበረው ታላቅ የሳንቃ ቤት ርዝመቱ ከ150 ሜትር ይበልጥ እንደነበር ይገመታል። እንዲህ ያሉት ቤቶች ከቀይ ሴዳር ዛፍ የተሠሩ ነበሩ። የዚህ ዛፍ እንጨት በቀጥታ ስለሚሰነጠቅ ያለ መጋዝ፣ በሽብልቅ ብቻ ሰፋፊ ሳንቃ ይወጣዋል፤ በውስጡ ያለው ቅባትም መበስበስን ይከላከላል። አናጢዎቹ የጣሪያውን ሳንቃ አንዱን ፊት በመጥረቢያ ጎድጎድ አድርገው ጠርበው፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች ገልብጠው ያደራርቡት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳንቃ ራሱ አሸንዳ ነበር፤ የወረደበትን ውሃ ተሸክሞ በአንድ በኩል ወዳዘነበለው የቤቱ ጀርባ ያደርሰዋል። ጭስ ሲበዛ ሳንቃውን ከውስጥ በረጅም እንጨት ገፋ አድርገው ይከፍቱታል፤ በበጋ ደግሞ ሳንቃውን ነቅለው ወደ ዓሣ ማጥመጃ ሰፈራቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ይህን ታላቅ ቤት የአሜሪካ መንግሥት ሰዎች በ1870 አቃጠሉት።

ስለ ውሃ መንገድ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የተገኘው በውቅያኖሱ ዳር፣ የማካ ሕዝብ በሚኖርበት ኦዜት በሚባል ቦታ ነው። ከጥቂት ምዕተ ዓመታት በፊት ከተራራው የተናደ ጭቃ የመንደሩን ቤቶች ከነዕቃቸው ቀበራቸው። በ1970 ማዕበል ዳርቻውን ሲሸረሽረው የተቀበረው መታየት ጀመረ። ሪቻርድ ዶውርቲ የተባሉት አርኪዮሎጂስት ከማካ ሕዝብ ጋር ሆነው እስከ 1981 ድረስ ቆፈሩ። ከ55 ሺህ በላይ ዕቃ ወጣ፤ ዛሬ ኒያ ቤይ በሚገኘው የማካ ሙዚየም ይታያል። ጎብኚው ሁሉ የሚደነቀው በቅርጫቱና በተቀረጸው እንጨት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን በቤቶቹ መካከል የተገኘው የውሃ መውረጃ ነው። የመንደሩ ሰዎች ዓሣ ነባሪ አዳኞች ስለነበሩ፣ ግዙፎቹን አጥንቶች ቤት ከቤት መካከል ደርድረው የዝናቡን ውሃ ወደ ባሕሩ የሚያሳልፍ ቦይ ሠርተውበታል። ከተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው ጣሪያውን ብቻ ቢሠራ እንደማይድን ያውቁ ነበር። ከጣሪያ የወረደ ውሃ ከቤቱ ሥር እስኪርቅ ድረስ ሥራው አላለቀም። በዚህ ዳርቻ ላይ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ።

ነጮቹ ሰፋሪዎች ዘዴውን ሳይሆን እንጨቱን ወሰዱ። በ1853 ሄንሪ የስለር በእንፋሎት የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ ተከለ፤ ከተማዋም በዙሪያው አደገች። ባላርድ የሚባለው ሰፈር የሴዳር የጣሪያ ክዳን በማምረት በዓለም ታወቀ። ጁን 6 ቀን 1889 የተነሣው እሳት የከተማዋን እምብርት ከበላ በኋላ መሐል ከተማው በጡብና በድንጋይ ተሠራ፤ የመኖሪያ ሰፈሩ ግን በእንጨት ቀጠለ። ከዚያ የሕዝቡ ቁጥር ፈነዳ፤ በ1900 ከ80 ሺህ ጥቂት ይበልጥ የነበረው በ1910 ከ237 ሺህ በላይ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ሰው በአስቸኳይ ቤት ያስፈልግ ነበር። መልሱ ባንጋሎ የሚባለው፣ ዝቅ ያለ ጣሪያና ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ሆነ። ጁድ ዮሆ የተባለ የሲያትል ሰው ‹‹ባንጋሎ ማጋዚን›› የሚባል መጽሔት ከ1912 ጀምሮ በዚችው ከተማ እያሳተመ ፕላኑን ይሸጥ ነበር።

እነዚህን ቤቶች እወዳቸዋለሁ፤ የሠሯቸው ሰዎች ዝናብን ያከብሩ ነበርና። የጣሪያቸው ክፈፍ ከግድግዳው ብዙ ወጣ ብሎ ይሸፍናል፤ የወራጆቹ ጫፍ ሳይደበቅ እንደ ጌጥ ይታያል። ከወራጆቹ ጫፍ ላይ የተቀመጠው አሸንዳ ደግሞ ከአንድ ወጥ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ዳግላስ ፈር ከሚባለው ዛፍ፣ ያውም ለመቶዎች ዓመታት በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ቀስ ብሎ ካደገው፣ ረጅም እንጨት ተመርጦ ውስጡ በማሽን ይቦረቦራል፤ የውጪው ፊት ደግሞ የኮርኒስ ቅርጽ ይወጣለታል። ሁለት እንጨት ሲገጣጠም መጋጠሚያው ላይ ስስ የእርሳስ ቅጠል በሚስማር ይመታበታል። ባለቤቱ በበጋ መጨረሻ ውስጡን ጠርጎ፣ አድርቆ፣ የተልባ ዘይት ይቀባዋል። ዘይቱ በእንጨቱ ጅማት ውስጥ ገብቶ ስለሚደርቅ ውሃ እንዳይሰርግ ይከላከላል። የተልባ ዘይት ያገኘ አሸንዳ ከመቶ ዓመት በኋላ ጩቤ ስወጋበት ጩቤው አይገባም። የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበቶች ከመጥበባቸው የተነሣ ለመቁጠር ያስቸግራሉ። ዛሬ በእንጨት መሸጫ የሚገኘው ፈር ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ያ ደን በአብዛኛው ተቆርጧል።

የተበላሹት የእንጨት አሸንዳዎች ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። የቤቱ ባለቤት ይቀየራል፤ አዲሱ ስለ ተልባ ዘይት አልሰማም። አሸንዳው ማንጠባጠብ ሲጀምር አንድ ሰው ሬንጅ ይቀባበታል። ሬንጁ ለጥቂት ዓመት ያቆመዋል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ግን ከሬንጁ ሥር ሆኖ መውጫ ያጣል። በሬንጅና በእንጨት መካከል የታሰረ እርጥበት ለሻጋታ የተመቸ ቤት ነው። ከውጪ ቀለሙ ያማረ አሸንዳ ስነካው እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈረፈራል። እንዲህ ያለውን ስጠግን በመጀመሪያ የበሰበሰውን ቆርጬ ደህና እንጨት እስካገኝ እሄዳለሁ። ግማሹ ደህና ከሆነ አላወርደውም፤ በተመሳሳይ እንጨት እገጥመዋለሁ፣ መጋጠሚያውን በእርሳስ አለብሰዋለሁ፣ ዘይት አጠጣዋለሁ። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ስለሆነ፣ ብዙ ባለቤቶች ሳይጠይቁ አውልቀው ይጥሉታል።

ውሃን ከግድግዳ የማራቅ ሐሳብ የመንግሥታትም ጉዳይ የነበረበት ጊዜ አለ። በ1240 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ የለንደኑን ግንብ ነጭ ካስቀባ በኋላ፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ አዲሱን ቀለም እንዳያበላሸው የእርሳስ አሸንዳዎቹ ወደ ታች እስከ መሬት እንዲረዝሙ አዘዘ። በ1724 በወጣው የለንደን የግንባታ ሕግ ደግሞ የጣሪያ ውሃ በመንገደኛው ላይ መውረዱ ቀርቶ በቱቦ እንዲወርድ ተደነገገ። ከማካ አዳኞች እስከ እንግሊዝ ንጉሥ፣ ሰው ሁሉ የደረሰበት እውነት አንድ ነው፦ አሸንዳ የሚሠራው ለጣሪያው ሳይሆን ለግድግዳውና ለመሠረቱ ነው።

አንዲት እናት ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር ከልጆቻቸው ጋር ቤት ገዝተው ይኖራሉ። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ከውስጥ መሻገት ሲጀምር ጠሩኝ። ቡና አቅርበው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ ‹‹ልጄ፣ አገር ቤት ክረምቱ ጣሪያ ሲደበድብ ያድር ነበር፤ ቤታችን ግን አልበሰበሰም። ይኸ ካፊያ ምን ኖሮት ነው ቤቴን የበላው?››

ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልሱም የዚህን ዳርቻ ምስጢር ይፈታል። ሲያትል በዝናብ ስሟ ይነሣ እንጂ በዓመት የምታገኘው 950 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ዶፍ ሆኖ ይወርዳል፤ አሸንዳውን ያጥለቀልቀዋል፣ ግን ቆሻሻውን ጠርጎት ይሄዳል። ከዚያ ለወራት ፀሐይ ይወጣል፤ የረጠበው ግድግዳ ይደርቃል። የሲያትል ዝናብ በዓመት 150 በሚያህሉ ቀናት ላይ ተበትኖ በካፊያ ይወርዳል። አሸንዳውን የሚጠርግ ጉልበት የለውም፤ ከኦክቶበር እስከ ማርች ድረስም የሚያደርቅ ፀሐይ እምብዛም አይታይም። በዚያ ላይ የፈር መርፌ ቅጠልና የሴዳር ቅጠል ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፤ ትልልቆቹ የሜፕል ቅጠሎችም በመኸር ይጨመራሉ። ቅጠሉ በካፊያ ርሶ አፈር ይሆናል፤ በአፈሩ ላይ የድንጋይ ሽበት ይበቅላል፤ ትንንሽ የዛፍ ችግኞች የበቀሉበት አሸንዳም አይቻለሁ። ውሃው መውረጃ ቱቦውን ሲያጣ በአሸንዳው ጀርባ ይሞላና ወደ ወራጁ ጫፍ ይሄዳል፤ ከወራጁ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል።

‹‹እማማ፣ ካፊያው አልበላውም፤ ቅጠሉ መንገድ ዘጋበት›› አልኳቸው። አሸንዳውን ጠርጌ ከመውረጃ ቱቦው አፍ ላይ ያወጣሁትን ጥቁር አፈር አሳየኋቸው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዶፍ የመታውን ሁሉም ያያል፣ ካፊያ የበላውን ግን ማንም አያይም።

ከእንጨት ወደ ብረት የተደረገው ሽግግር ደግሞ ሌላ ፈተና አመጣ። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 ብረትን በዚንክ የመለበጥ ዘዴን በባለቤትነት ካስመዘገበ በኋላ፣ ዚንክ የለበሰ ላሜራ በመላው ዓለም ተሠራጨ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያለበሰው ቆርቆሮም የዚሁ ዘዴ ውጤት ነው። በሲያትልም የእንጨት አሸንዳ ሲያረጅ በእርሱ ፋንታ የብረት ተሰቀለ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ላሜራ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል አውቃለሁ። በባሕር ዳርቻ ግን ነፋሱ የጨው ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ ጨው እርጥበትን ይስባል፣ ዚንኩንም ቶሎ ቶሎ ይበላዋል። ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል። አልካይ አካባቢ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕር ባዞሩ ቤቶች ላይ ያየኋቸው የብረት አሸንዳዎች መጀመሪያ የሚቀደዱት ከታች ነው፤ ጨውና የበሰበሰ ቅጠል አንድ ላይ የሚተኙት እዚያ ነውና። ጋሼ ላሜራ ከመዳብ ጋር እንዳላገናኝ ያስጠነቅቁኝ ነበር። ሁለት የተለያየ ብረት በጨዋማ እርጥበት ሲነካካ ደካማው ይበላል። ይህ ሕግ መርካቶ ላይ ምክር ነበር፤ በባሕር ዳርቻ ግን አዋጅ ነው።

ቀጥሎ የመጣው አሉሚኒየም ነው፤ የእርሱም ታሪክ ከዚህ አካባቢ ውሃ ጋር የተሳሰረ ነው። በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የቦንቪል ግድብ በ1938፣ የግራንድ ኩሊ ግድብ በ1941 ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመሩ። አሉሚኒየም ማቅለጥ እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ርካሹ የውሃ ኃይል አልኮዋ የተባለውን ኩባንያ በ1940 በዋሽንግተን ስቴት ቫንኩቨር ከተማ ማቅለጫ እንዲከፍት ሳበው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአካባቢው አሉሚኒየም በሲያትል ለሚሠሩት የቦይንግ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዋለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ብረቱ ገበያ ፈለገ፤ ወደ መስኮት፣ ወደ ድስትና ወደ አሸንዳ ዞረ። በተራሮቹ ላይ የወረደው ዝናብ ወንዝ ሆኖ፣ ወንዙ መብራት ሆኖ፣ መብራቱ ብረት ሆኖ፣ ብረቱ ተመልሶ የዝናብ መንገድ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የአሉሚኒየም ጥቅል በመኪና ጭኖ፣ በደንበኛው ደጃፍ ላይ የቤቱን ርዝመት ያህል ያለ መጋጠሚያ የሚያወጣ ማሽን መጣ። መጋጠሚያ የሌለው አሸንዳ የሚያፈስበት ቦታ ጥቂት ነው። አሉሚኒየም አይዝግም፤ በባሕር አየርም ከብረት ይሻላል። ለዚህ ሥልጣኔ ክብር አለኝ።

ነገር ግን በዚሁ ዘመን አንድ መጥፎ ልማድ ገባ። በዚህ አካባቢ የተለመደው የአሉሚኒየም አሸንዳ ፊቱ ረጅም ነው፤ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የወራጆቹን ጫፍ ይሸፍን የነበረው ሳንቃ ቀርቶ፣ አሸንዳው በቀጥታ በወራጁ ጫፍ ላይ ይመታል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ከመንገድ ላይ ሲያዩትም ንጹሕ ነው። ግን ወራጁ ከኋላው ተደብቋል። አሸንዳው ሞልቶ ወደ ኋላ ሲፈስ ማንም አያይም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው አሸንዳው ራሱ ሲዘነብል ነው። ያን ጊዜ በረጃጅም ሚስማር የታሰረው አሸንዳ ሚስማሩን ይዞ ይወጣል፤ እንጨቱ ሚስማር መያዝ አቅቶታልና። ብዙ ጊዜ ‹‹አሸንዳዬ ወረደ፣ መልሰህ ምታልኝ›› ተብዬ እጠራለሁ። አሸንዳውን ሳወርደው የሦስትና የአራት ወራጅ ጫፍ በእጄ ይፈረፈራል። የባንጋሎ ዘመን አናጢዎች የወራጁን ጫፍ ገልጠው የተዉት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ የሚታይ እንጨት ሲታመም ይታወቃል።

የመርሳት ትልቁ ዋጋ የተከፈለው ግን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነው። ከሲያትል ሰሜን፣ ድንበሩን ተሻግሮ ባለው በካናዳው ቫንኩቨር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ተሠሩ። መልካቸው ከካሊፎርኒያና ከሜዲትራንያን አካባቢ የተቀዳ ነበር፦ ልስን ግድግዳ፣ ከግድግዳው እኩል የተቆረጠ ጣሪያ፣ ክፈፍ የሚባል የለም። ፀሐይ በሚያደርቅበት አገር የሚሠራውን ቤት ፀሐይ በሌለበት ክረምት ውስጥ አቆሙት። ውሃው በመስኮትና በበረንዳ መጋጠሚያዎች ገባ፤ ከልስኑ ኋላ መውጫ አጣ፤ የእንጨቱን አጽም ከውስጥ አበሰበሰው። የካናዳ የቤት ጉዳይ ኮርፖሬሽን በ1996 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የባሕር ጠረፍ የአየር ንብረት ውስጥ የተጎዱ ሕንፃዎችን ያስጠናበት ሰነድ የጣሪያ ክፈፋቸው ሰፊ የሆኑ ግድግዳዎች ችግራቸው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በ1998 የቀድሞው የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቭ ባሬት የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። የጥገናው ዕዳ በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ተገመተ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን በአንድ ቤት ላይ ያፈሰሱ ሰዎች ከሰሩ። በሲያትልም ተመሳሳይ ሕንፃዎች ለጥገና ተሸፍነው ግድግዳቸው ሲገለጥ አይቻለሁ።

ይህ ጉዳይ ያሳዝነኛል፤ መልሱ በአካባቢው ነበረና። የሱኳሚሽ ሳንቃ ጎድጓዳ ነበር፤ የባንጋሎው ክፈፍ ሰፊ ነበር። የእነዚያ ኮንዶሚኒየሞች ሠሪዎች በየመንገዱ የቆሙትን የመቶ ዓመት ቤቶች ቀና ብለው ቢያዩ ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብና ዕንባ ባልፈሰሰ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ መልክ ሁሉ መጀመሪያ የአገሩን ዝናብ መጠየቅ አለበት። እኛም አገር ቤት ውስጥ ክፈፍ የሌለው፣ በመስታወት የተለበጠ ሕንፃ በየቦታው ስናቆም ይህን ታሪክ ብናስታውስ መልካም ነው።

ኦዜት ላይ በአጥንት የተሠራው ቦይ የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ዛሬም አለ፦ ከቤቱ የራቀው ውሃ ወዴት ይሂድ? በአሮጌው የሲያትል ክፍል የጣሪያ ውሃ ከቤት ፍሳሽ ጋር በአንድ የመሬት ውስጥ ቱቦ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። ዝናብ ሲበረታ ቱቦው ይሞላና ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕሩና ወደ ሐይቆች ይወጣል። ይህን ለማቃለል ከተማዋና ኪንግ ካውንቲ ‹‹ሬይንዋይዝ›› በሚባል መርሐ ግብር፣ የመውረጃ ቱቦውን ወደ ማጠራቀሚያ በርሜል ወይም ውሃ ወደሚመጥ የአትክልት ጉድጓድ ለሚያዞር ባለቤት በወጪው ሲረዱ ቆይተዋል። ቫይን በሚባለው መንገድ ላይ በስተር ሲምፕሰን የተባለ ቀራፂ በ2003 የሠራው ትልቅ ማጠራቀሚያ አለ፤ ጣቶቹን ወደ ሕንፃው መውረጃ ቱቦ የዘረጋ የሰው እጅ ይመስላል። ከጣሪያ የወረደውን ውሃ ተቀብሎ በመንገዱ ዳር ላሉት አትክልቶች ያቀብላል። የጣሪያ ውሃ ብዙ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ነው፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በሲያትል በዓመት 95 ሺህ ሊትር ገደማ ይቀበላል። ይህ ሁሉ ውሃ ከመሠረቱ ሥር ሲፈስ ምድር ቤቱ ቢሞላ ምን ይገርማል?

የእኛ ሰዎች ወደዚህች ከተማ በብዛት መምጣት የጀመሩት ከ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በኋላ ነው። በሴንትራል ዲስትሪክትና በሬኒየር ቫሊ የገዟቸው ቤቶች ብዙዎቹ እነዚሁ የእንጨት አሸንዳ ዘመን ቤቶች ናቸው። ኋላ ዋጋው ሲንር ብዙዎች ወደ ሬንተንና ወደ ኬንት ሄዱ፤ እዚያ ያገኟቸው ደግሞ ፊተ ረጅሙ አሉሚኒየም የተሰቀለባቸው ናቸው። በሁለት ሥራ ተከፍሎ የተገዛ ቤት ነው፤ ሌሊት ታክሲ ነድተው፣ ቀን ሆስፒታል ሠርተው የከፈሉት። የጣሪያ ጫፍ ለማየት ጊዜ የላቸውም። የምድር ቤቱ ግድግዳ ሲሻግት ግን የልጆቹ ሳል ይጀምራል፤ ጥገናውም አንድ አሸንዳ ማጽዳት ከሚያስከፍለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ወገኖቼን የምለምነው ይህን ነው። መስከረም ሲጠባ አገር ቤት ዝናቡ ያቆማል፤ እዚህ ግን የሚጀምረው ያኔ ነው። የአዲስ ዓመት በዓሉ እንዳለፈ ጣሪያችሁን አስመርምሩ። አሸንዳው እስከ መውረጃ ቱቦው አፍ ድረስ ይጠረግ፤ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላም አንድ ጊዜ ይደገም። በየ3 ሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ዝቅ ማለቱ ይለካ፤ ውሃ አፍስሳችሁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። አሸንዳውን የሚያስረው ሚስማር ሳይሆን ከውስጥ የሚገባ ማንጠልጠያና የማይዝግ ብሎን ይሁን። አሸንዳው ከወረደ ዝም ብላችሁ መልሳችሁ አታስመቱ፤ ከኋላው ያለውን እንጨት ወግታችሁ ፈትሹ። የመውረጃ ቱቦው ውሃውን ከመሠረቱ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል አርቆ ይጣል። አሮጌ የእንጨት አሸንዳ ካላችሁ ሬንጅ አትቀቡት፤ አድርቁት፣ የተልባ ዘይት አጠጡት። ዕድሜያችሁ ከገፋ ወይም መሰላል ከፈራችሁ አትውጡ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥሩ፣ ግን ሲሠራ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ልጆቻችሁንም አሳዩ። በዚህ ዳርቻ የቆዩት ቤቶች የቆዩት ባለቤቶቻቸው በየዓመቱ የውሃውን መንገድ ስለጠረጉላቸው ነው።